ከዓረብ አሸዋ እስከ ዓባይ በረሃ
ስለ መንገደኞች መጻሕፍት የቀረበ ሂስ

ከጽሑፍ ዓይነቶች ሁሉ የመንገደኛን መጽሐፍ ያህል አንባቢ በእምነት የሚቀበለው ጥቂት ነው። ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ታሪኩ በደራሲው አሳብ የተፈጠረ መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል፤ ግጥም የሚሰማም ባለቅኔው ነገሩን አጉልቶና አሳምሮ እንደሚናገር ይረዳል። የመንገደኛን መጽሐፍ የከፈተ ግን፣ እርሱ ወዳልሄደበት ሄዶ፣ እርሱ ያላየውን አይቶ የተመለሰ ምስክር በፊቱ እንደ ቆመ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚመረምር ሐያሲ፣ የቋንቋውን ውበትና የአተራረኩን ለዛ ብቻ ተመልክቶ ማለፍ አይበቃውም፤ እንደ ዳኛ የምስክርነቱን ቃል ጭምር መመዘን ይገባዋል።

በዚህ ሐተታ የምንመለከታቸው ስለ በረሃና ስለ ገደል የተጻፉትን ነው። የዓባይ ሸለቆ፣ የአፋር ቆላና የዓረብ አሸዋ በመልክም በሰውም የተለያዩ ናቸው፤ የጸሐፊዎቻቸው ፈተና ግን አንድ ነው። በረሃ ለመድረስ የሚያስቸግር በመሆኑ፣ ደርሶ የተመለሰው ሰው ስለ አገሩ የሚያወራ እየመሰለው ስለ ራሱ ጀግንነት ሲያወራ ይገኛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የምናቀርበው ጥያቄ፣ በውስጡ የምናየው አገሩንና ሰዉን ነው ወይስ ጸሐፊውን ብቻ ነው? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለቡሬ፣ ለፍኖተ ሰላምና ለገበዝ ማርያም ተማሪ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ በጣና አልፎ፣ ጎጃምን በምሥራቅም በደቡብም ከብቦ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ወንዙ የከበበው አገር ልጅ ስለ ዓባይ ሸለቆ የተጻፈ ሰፊ መጽሐፍ ቢሻ፣ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በብዛት የሚያገኘው በፈረንጅ እጅ የተጻፈውን ነው። የገዛ አገሩን በሌላ ሰው ዓይን የሚያነብ ተማሪ ደግሞ የዚያን ዓይን ጥራትና ጉድለት ለይቶ ካላወቀ፣ ጎረቤቱን ሳይቀር እንደ እንግዳ ፍጥረት ማየት ይጀምራል።

ወደ መጻሕፍቱ ከመግባታችን በፊት በራሳችን ቃል መጀመር ይገባናል። በጎጃም ደጋ የተወለደ ሰው «በረሃ» ሲል ዛፍና ውሃ የሌለበትን የአሸዋ ባሕር ማለቱ አይደለም። ከደጋው አፋፍ ተነሥቶ ቁልቁል የሚወርድበትን፣ ሙቀትና ወባ ያለበትን የዓባይን ቆላ ማለቱ ነው። ሸለቆው በብዙ ስፍራ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል። በውስጡም ግራርና የዕጣን ዛፍ ይበቅላል፤ ማሽላ ይዘራል፤ ሰው ይወለዳል፤ ሰው ይቀበራል። እኛ ግን «እገሌ በረሃ ገባ» ስንል ሸፈተ ማለታችን ነው፤ «በረሃ ወርዶ መጣ» ስንልም ከሞት ተርፎ መጣ እንደ ማለት ይቆጠራል። እንግዲህ ቃሉ ሙቀትን፣ በሽታንና ሽፍትነትን አንድ ላይ ይዟል ማለት ነው። ሦስቱም ከላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የሚታዩ ናቸው። እታች የሚኖረው ቆለኛ ግን ያንን ስፍራ ቤቴ፣ እርሻዬ፣ አገሬ ይለዋል።

በዓረብ አገርም ነገሩ እንዲሁ ነው። በደቡብ የሚገኘውን ታላቅ የአሸዋ ምድር መጽሐፍ «ሩብ አል ኻሊ»፣ ይኸውም «ባዶው ሩብ» ብሎ ይጠራዋል። በዚያ የሚመላለሱት በደዊኖች ግን በቀላሉ «አሸዋው» ይሉታል። ባዶ የሚለው ስም የወጣው ከውጭ ሆኖ ከሚያይ ሰው ዘንድ ነው፤ ውሃው የት እንደሚገኝ፣ ግመሏ ምን እንደምትበላ ለሚያውቅ ሰው ምድሩ ባዶ ሊሆን አይችልም። «በደዊ» የሚለው ቃል ራሱ የገላጣው ሜዳ ሰው ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ ቢፈለግ ለዚህ የሚቀርበው «ባላገር» የሚለው ነው። ባላገር ማለት የአገር ባለቤት ማለት ሆኖ ሳለ፣ ከተሜው ለንቀት እንደሚጠቀምበት ሁሉ፣ የበደዊም ስም በከተማ ሰዎች አፍ እንዲሁ ሲዋረድ ኖሯል። እንግዲህ የበረሃን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አስቀድሞ መጠንቀቅ ያለበት ለስሞቹ ነው።

መመዘኛውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የበረሃው ሰዎች ራሳቸው አዘጋጅተውልናል። አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ እንዲሁ ሰላም ተባብለው አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው እርስ በርሳቸው ወሬ ይለዋወጣሉ። አንዱ ከየት እንደ መጣ፣ በመንገዱ ምን እንዳየ፣ ከማን ምን እንደ ሰማ፣ ዝናብ የት እንደ ዘነበ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደ ታመመና ማን እንደ ሞተ በዝርዝር ይናገራል፤ ሌላውም በተራው የያዘውን ወሬ ይሰጣል። ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ለይቶ መናገር ግዴታው ነው፤ ሐሰት የተናገረ ሰው ይነቀፋል፣ ይጠየቅበታልም። በበደዊኖችም ዘንድ መንገደኛ ሲደርስ ወሬ መጠያየቅ የታወቀ ወግ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውሃ በሌለበት ምድር የደረቀውን ጉድጓድ ሞልቷል ብሎ የነገረ ሰው፣ ነፍስ እንዳጠፋ ይቆጠራል።

ከዚህ ሥርዓት ለሥነ ጽሑፍ ሂስ የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ መንገደኛ ሆይ፣ ያየኸው የትኛው ነው፤ የሰማኸውስ የትኛው ነው? ሁለተኛው፣ ከማን ጋር ሄድህ፤ መንገዱንስ ማን አሳየህ? ሦስተኛው፣ ወሬ የሰጠህን ሰው አንተ በተራህ ምን ወሬ ሰጠኸው? የሚሉት ናቸው። በእነዚህ በሦስቱ መጻሕፍቱን እንመዝን።

በዕድሜ የሚቀድመው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ከግሽ ዓባይ ደረሰ፤ የጉዞውንም ታሪክ በ1790 በአምስት ቅጽ አሳተመ። የብዕሩን ኃይል መካድ አይቻልም። የጎንደርን ቤተ መንግሥት፣ የጦሩን ሰልፍ፣ የመኳንንቱን ጠባይ ሲያወራ አንባቢው በስፍራው የቆመ ይመስለዋል። ነገር ግን በዳጉ ሸንጎ ፊት ቢቀርብ በሁለት ነገር ይረታል። አንደኛ፣ ስፔናዊው ጴድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን አይቶ የጻፈ ሲሆን፣ ብሩስ የዚያን ምስክርነት አጣጥሎ የመጀመሪያነቱን ለራሱ አደረገ። ሁለተኛ፣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ወደ ምንጩ ተጉዞ ሳለ፣ ብሩስ በመጽሐፉ ውስጥ ከዚያ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ አቀረበው። ከማን ጋር ሄድህ? ለሚለው ጥያቄ የሐሰት መልስ ሰጠ ማለት ነው።

ከሁለቱም የሚብሰው ግን ሦስተኛው ጉድለት ነው፤ ይኸውም «አገኘሁ» የሚለው ቃል ነው። ግሽ ዓባይ በጻድቁ በዘርዓ ብሩክ ስም የሚታወቅ፣ ሕዝብ ለጠበል የሚሄድበት የተቀደሰ ስፍራ ነው። የሰከላ ሰው ልጁን ይዞ የሚሄድበትን ምንጭ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው «አገኘሁት» ሲል፣ አገኘሁ የሚለው ቃል ትርጉሙ «ለወገኖቼ አሳወቅሁ» ማለት ብቻ መሆኑን አንባቢ ሊያስተውል ይገባል። ለወገን ማሳወቅ መልካም ሥራ ነው፤ ባለቤት መሆን ግን አይደለም።

ከብሩስ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ፍጹም የተለየ ሰው ነው። ቺዝማን አስቀድሞ በዓረብ አገር፣ ከታላቁ አሸዋ ጫፍ እስከ ጃብሪን ድረስ ተጉዞ በ1926 አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ከ1925 ጀምሮ ደግሞ በጎጃም፣ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተቀመጠ፤ በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። እንግዲህ አንድ ሰው የዓረብን አሸዋና የእኛን ሸለቆ በሁለት መጽሐፍ አገናኘ ማለት ነው። የዓባይን ወንዝ ዳር ዳሩን በእግርና በበቅሎ ተከትሎ፣ በሸለቆው ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው በአፋፉ ላይ እየሄደ፣ መሻገሪያ ባለበት እየወረደና እየወጣ፣ የወንዙን መንገድ እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ በካርታ አሰፈረ።

በመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ያልወረደበትን ገደል ወረድሁ አይልም፤ የወፉን ዓይነት፣ የመሻገሪያውን ስም፣ የቀኑን መንገድ ርቀት እንደ መጋቢ ቆጥሮ ያስረክባል። የጽሑፉ ደረቅነት ከዚህ ታማኝነቱ የመጣ ስለ ሆነ ሊነቀፍበት አይገባም። ይህ እውቀቱም በከንቱ አልቀረም፤ ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ቺዝማን በካርቱም ሆኖ የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚከታተለውን የመረጃ ክፍል ሲመራ፣ ስለ ጎጃም መንገዶች ያጠራቀመው እውቀት ለነጻነቱ ዘመቻ ጠቅሟል። ሆኖም ይህ ዓይን የተላከ ዓይን መሆኑ መረሳት የለበትም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት ለሱዳንና ለግብፅ መስኖ ሲል በጣና ላይ ግድብ ለማሠራት ይመኝ ነበር። ቆንስሉም የሚያየው ውሃውን ነበር። ስለ ገዳማቱና ስለ ልማዱ ብዙ ቢነግረንም፣ የቆላው ሰው ራሱ ስለ ዓባይ ምን እንደሚያስብ ለማወቅ የሚሻ አንባቢ ከመጽሐፉ የሚያገኘው ትንሽ ነው።

ስለ አፋር ምድር ከተጻፉት ውስጥ የኔዝቢትን መጽሐፍ በስሙ ምክንያት ብቻ እናነሣዋለን። ኔዝቢት በ1928 የአፋርን በረሃ ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ ታሪኩን ጻፈ። መጽሐፉ በ1934 በለንደን ሲታተም «በረሃና ዱር» የሚል ርእስ ነበረው፤ በሚከተለው ዓመት በአሜሪካ ሲታተም ግን ርእሱ ተለውጦ «የፍጥረት የሲኦል ጉድጓድ» ተባለ። ምድሩ ያው ነው፤ ጸሐፊው ያው ነው፤ ገጹም ያው ነው። የተለወጠው የነጋዴው ገበያ ነው። ከዚያው «ሲኦል» የወጣው የጨው አሞሌ በአርሆዎች ግመል ተጭኖ፣ ደጋውን አቋርጦ እስከ ጎጃም ገበያ ይደርስ፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ ይሄድ ነበር። አሞሌ ወጥ የሚያጣፍጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ገንዘብም የሚቆጠር ነበር። የአያቶቻችንን ገበያ ሲያንቀሳቅስ የኖረውን ምድር ሲኦል ብሎ መሰየም፣ የበላበትን ወጪት ሰባሪ እንደ መሆን ነው።

ከሁሉ ይልቅ በሰፊው ልንመረምረው የሚገባን ዊልፍሬድ ቴሲጀርን ነው። ቴሲጀር በ1910 በአዲስ አበባ፣ አባቱ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በተቀመጠበት ግቢ ተወለደ። በ1933 እና በ1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ፣ በአውሳው ሱልጣን በመሐመድ ያዮ ምድር አልፎ፣ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚያልቅ አየ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ከጌዴዎን ጦር ጋር በጎጃም ዘምቶ ከአርበኞች ጎን ቆሞ ተዋጋ፤ ያ ጦር ጠላትን ከቡሬ አስለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ የገሰገሰው ነው። ይህን ውለታውን በምስጋና ማሰብ ይገባናል። ከጦርነቱ በኋላ ከ1945 እስከ 1950 በዓረብ አገር ኖሮ ታላቁን አሸዋ ሁለት ጊዜ አቋረጠ፤ «የዓረብ አሸዋ» የተባለው መጽሐፉ በ1959 ወጣ። የአፋር ጉዞው ማስታወሻ በመጽሐፍ የታተመው ግን በ1996 ነው።

ለሐያሲ የሚጠቅመው እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ማንበብ ነው። የጻፋቸው አንድ እጅ ሲሆን፣ አንደኛው ቀዝቃዛ፣ ሁለተኛው ሕይወት ያለው ነው። በአፋሩ ማስታወሻ ውስጥ ሰዉ ከሩቅ ይታያል። ጸሐፊው ደጋግሞ የሚያወሳው ተዋጊው ስንት ሰው እንደ ገደለና ያንን የሚያሳይ ምን ጌጥ እንዳደረገ ነው። አፋር ልጁን እንዴት እንደሚያሳድግ፣ በምን እንደሚስቅ፣ በዳጉው ምን እንደሚነጋገር ለማወቅ የሚሻ አንባቢ ግን ጥሙ አይቆርጥም። በ«ዓረብ አሸዋ» ውስጥ ግን ቢን ካቢናና ቢን ጋባይሻ የተባሉ ሁለት ወጣት በደዊኖች በስማቸው፣ በመልካቸው፣ በቀልዳቸውና በቁጣቸው ይቆሙልናል። ቢን ካቢና ያለውን ሁሉ ለለመነው ሰጥቶ ራሱ ሲቸገር እናያለን፤ ጓደኞቹ ሲከራከሩ፣ ሲቆጡና ሲታረቁ እንሰማለን። መጽሐፉንም ያበረከተው ለእነዚሁ ለሁለቱ ነው። ብሩስ የጉዞ ጓደኛውን ሲሰውር፣ ቴሲጀር የጉዞ ጓደኞቹን በመጽሐፉ ደጃፍ ላይ አስቀመጣቸው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ጸሐፊው በዕድሜ ስለ በሰለ ነው የሚል መልስ በቂ አይደለም። መልሱ ያለው በአካሄዱ ላይ ነው። ወደ አፋር የወረደው ገና ወጣት ሆኖ፣ የታጠቀ አጃቢና ሰፊ ጓዝ ይዞ፣ ቋንቋውን ሳያውቅ ነው። ጠመንጃ የከበበው ሰው የሚያየው ጠመንጃ ነው፤ የሚፈሩት እንግዳ የሚነገረው ጥቂት ነው። በዓረብ አሸዋ ግን ዓረብኛ እየተናገረ፣ ከጥቂት በደዊኖች ጋር፣ እነርሱ የለበሱትን ለብሶ፣ የበሉትን በልቶ፣ ከአንድ አቁማዳ ተካፍሎ እየጠጣ ሄደ። ውሃው ሲያልቅ ለእርሱም አለቀበት። እንግዲህ የመጽሐፉ ውበት ከመዝገበ ቃላት የመጣ ሳይሆን ከአቁማዳው የመጣ ነው ለማለት እንደፍራለን። መንገደኛው እንደ ተጓዘ እንዲሁ ይጽፋል። ይህን ሕግ የተረዳ ሰው አዲስ መጽሐፍ ሲከፍት ስለ ቋንቋው ከመጠየቁ በፊት ጸሐፊው በምን ተቀምጦ እንደ ሄደ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ታላቅ መጽሐፍም ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ቴሲጀር መኪናና የነዳጅ ዘይት ወደ በረሃ መግባታቸውን እንደ ሞት አለቀሰበት። የበደዊው ልግስናና ትዕግሥት የረሀቡና የጥማቱ ፍሬ ስለ ሆነ፣ ረሀቡ ሲጠፋ ምግባሩም ይጠፋል የሚል እምነት ነበረው። በ1977 ወደ ዖማን ተመልሶ ወዳጆቹን መኪና ይዘው ባገኛቸው ጊዜም ልቡ አዘነ። እዚህ ላይ በሦስተኛው ጥያቄ ይወድቃል። እንግዳው ከድካሙ በኋላ ወደ ለንደን የሚመለስበት ቤት ሲኖረው፣ አስተናጋጁ ለእንግዳው ትዝታ ሲባል በረሀብ እንዲኖር መመኘት ፍቅርም ቢሆን ራስን መውደድ የተቀላቀለበት ፍቅር ነው። የበደዊው እናት ልጇ ሐኪም ቤት እንዲደርስ የምትሻ መሆኗን መጽሐፉ ሊያስብላት ይገባ ነበር።

ይህ የቴሲጀር ኀዘን ዛሬ መልኩን ለውጦ በጎብኚዎች መጽሔትና በመንገድ መሪ ጽሑፎች ውስጥ ይኖራል። አሁን በረሃው ጎብኚ ይስባል። በዮርዳኖስ የሚገኘው ዋዲ ረም በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ጎብኚው በገደሎቹ መካከል በእግሩ ይሄዳል፣ በበደዊ ድንኳን ቡና ይጠጣል፣ ከዋክብትን እያየ ያድራል። የፔትራና የዋዲ ረም በደዊኖች ባህልም በ2005 በዩኔስኮ ታውጆ፣ በ2008 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ነገር ግን ፔትራ በ1985 በቅርስነት በተመዘገበችበት ዘመን፣ በዋሻዎቿ ይኖሩ የነበሩት የብዱል ነገድ ሰዎች ኡም ሰይሁን ወደ ተባለ መንደር ተዛውረዋል። ሰዉ ከዋሻው ወጥቶ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ባህሉ በመዝገብ ገባ። የመንገድ መሪ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ስለ ቡናው ሽታ ሲተርክ ይህንን ከዘለለ፣ ያየውን እንጂ የሰማውን አላወራም፤ ወይም መስማት አልፈለገም።

በእኛም አገር ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ አዋሽ ነው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ታወጀ። የአዋሽ ወንዝ በፏፏቴው ወርዶ በገደል መካከል ሲያልፍ ማየት፣ የፈንታሌን ተራራና የፍልውሃውን ምንጭ መጎብኘት፣ ሳላ በሜዳው ሲሮጥ መመልከት በእውነቱ መንፈስን የሚያድስ ነው። ዳሩ ግን ያ ሜዳ አስቀድሞ የከረዩና የአፋር ከብት አርቢዎች ግጦሽ ነበር፤ ፓርኩና የመተሐራ የሸንኮራ እርሻ ሲመሠረቱ የግጦሻቸውና የውሃ መውረጃቸው ስፍራ ጠበበ። ስለ እንደዚህ ያሉ ስፍራዎች የሚጻፉትን ጽሑፎች የሚያነብ ሰው አንድ የተለመደ አሰላለፍ ያያል፤ መጀመሪያ ተራራው፣ ቀጥሎ አውሬው፣ ቀጥሎ ወፉ፣ በመጨረሻ አንድ ዐረፍተ ነገር ለሰዉ። ይህም ዐረፍተ ነገር ስለ ልብሱና ስለ ጎፈሬው የሚናገር ነው። አውሬ ከሰው የሚቀድምበት ሰዋስው ጸሐፊው ሳያስበው ፍርድ ይሰጣል፤ ሰዉ በአውሬው ቤት ገብቶ እንዳስቸገረ አድርጎ ያሳያል። አውሬው መጠበቁ መልካም ነው፤ የእውነቱ ቅደም ተከተል ግን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሊገለበጥ አይገባም።

ይህን ሁሉ የምንለው ፈረንጆችን ለመንቀፍ ብቻ ከሆነ ሥራችን ከንቱ ነው። ወደ ራሳችን ብንመለከት ደግሞ የሚያሳፍር ዝምታ እናገኛለን። የኢትዮጵያ ሰው መንገደኛ አይደለም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ወሎ በእግሩ የተጓዘ ነው። ውሻ እየነከሰው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ እየበላ፣ ገደሉን ወርዶ ገደሉን ወጥቶ የማያውቀው ቀበሌ አልነበረም። ነጋዴውም አሞሌውን ጭኖ ዓባይን ተሻግሯል። የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል፣ ባለቤቱ እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አብልቶ ያሳድረው ነበር። ፈረንጅ በበደዊ ድንኳን ያደነቀው ልግስና በጎጃም ጎጆ ውስጥም ኖሯል። ነገር ግን ያ ሁሉ መንገድ በአፍ ቀርቷል፤ ተማሪው ቅኔ ተቀኘበት እንጂ መንገዱን በመጽሐፍ አላሰፈረውም።

የመንገድ መጽሐፍ መጻፍ የማይችል ብዕር ኖሮን አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. ጽፈው ለወገናቸው አበርክተዋል። እርሳቸው ያዩትን ለሕዝባቸው ማካፈልን እንደ ግዴታ ቆጠሩት። እስከ ጃፓን የደረሰ ብዕር ወደ ዓባይ ቆላ መውረድ ያቃተው ስለ ምንድን ነው? ከላይ እንዳልነው ምክንያቱ «በረሃ» በሚለው ቃል ውስጥ ተቀምጧል። ሩቁን አገር ክቡር፣ ቅርቡን ቆላ ደግሞ የወባና የሽፍታ ስፍራ አድርገን ስለ ቆጠርነው፣ የሚጻፍ ነገር ያለበት አልመሰለንም።

የዚህ ዝምታ ዋጋ ዛሬ በግልጽ ይታያል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጉባ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሐይቁም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ለአገር ብርሃን የሚሰጥ ሥራ ነውና ደስ ይለናል። ሆኖም የታችኛው ዓባይ ሸለቆ፣ ከነመሻገሪያው፣ ከነደሴቱ፣ ከነወንዝ ዳር እርሻው በብዙ ስፍራ ከውሃ በታች ገብቷል። የልጅ ልጆቻችን ያ ሸለቆ ከመሞላቱ በፊት ምን ይመስል እንደ ነበር ሲጠይቁ፣ እጃቸውን ከሚዘረጉባቸው መጻሕፍት ዋነኛው የእንግሊዙ ቆንስል መጽሐፍ ይሆናል። ታማኝ ምስክር ነው፤ ነገር ግን አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ እርሱም ለሌላ ጉዳይ የተላከ ነው። በጉሙዝ ቋንቋ፣ በአገው ቋንቋ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የሚጠሩት መሻገሪያዎችና ጅረቶች የየራሳቸው ታሪክ ነበራቸው።

ስለዚህ ከዚህ ሐተታ የሚወጣው ምክር ለሁለት ወገን ነው። መምህራን የመንገደኞችን መጻሕፍት ለተማሪ ሲያስነብቡ ሦስቱን የዳጉ ጥያቄዎች አብረው ቢያስተምሩ፣ ተማሪው በፈረንጅ መጽሐፍ ሳይናደድና ሳይሰግድ ማንበብ ይለምዳል። ብሩስን ስለ ብዕሩ፣ ቺዝማንን ስለ ታማኝነቱ፣ ቴሲጀርን ስለ ጓደኝነቱ ያከብራል፤ የእያንዳንዱንም ጉድለት በስሙ ይጠራዋል። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤቶች የሚወጡ ወጣቶች ደግሞ ከአፋፉ ላይ ቆመው ከማየት አልፈው፣ አሁንም በውሃ ያልተሸፈነውን የላይኛውን ዓባይ ሸለቆ ወርደው ቢጽፉት፣ ለአገራቸው ትልቅ መዝገብ ያቆያሉ። የሚያስፈልጋቸው ብዙ አይደለም፤ ደህና ጫማ፣ ደብተር፣ የቆለኛውን ቋንቋ ለመስማት የሚታገሥ ጆሮ፣ እንደ ደረሱም ቁጭ ብሎ ወሬ መለዋወጥ ነው።

ወርደው ሲመለሱም የመጀመሪያውን ገጽ «በረሃ» በሚለው ቃል እንዳይጀምሩ እንመክራቸዋለን። መጀመሪያ የቆላውን ሰው ያንን ስፍራ ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጠይቁት፤ እርሱ የሰጣቸውን ስም በርእስነት ያኑሩት። የተጻፈውንም ተመልሰው ለእርሱው ያንብቡለት። ባለቤቱ ሰምቶ «አዎን፣ አገሬ ይህ ነው» ያለው መጽሐፍ ሌላ ዳኛ አያስፈልገውም።